መካከሉ የማን ነው? ከላስታ ትምህርት ቤቶች እስከ ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ ደጅ

ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ አዲስ ገቢ ተማሪ ሲጠሩ የሚያወጡት ማስታወቂያ ከግቢ ግቢ እምብዛም አይለያይም። የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ዋናውና ኮፒው፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ጨርቅ፣ የስፖርት ትጥቅ። ከተጠቀሰው ቀን ውጭ የሚመጣ አይስተናገድም። ተማሪው ምን ይዞ እንደሚመጣ ተነግሮታል። አራት ዓመት ላስተማረው ትምህርት ቤት ግን የተጻፈ አንድ መስመር የለም። ትምህርት ቤቱም ትራንስክሪፕቱ ላይ ማኅተም ካሳረፈ በኋላ ልጁ ከእጁ ወጥቷል።

ውጤት ከሚነገርበት ቀን ጀምሮ ልጁ የፍሬሽማን የመጀመሪያ ፈተናውን እስከሚቀመጥበት ድረስ ያሉት ወራት ባለቤት የላቸውም። ይህ ዳሰሳ እነዚያን ወራት ከላሊበላና ከላስታ ደጋ ሆኖ ያያል። በትምህርት ቤትና በከፍተኛ ተቋም መካከል የጎደለው የመግባቢያ ሰነድ አይመስለኝም፤ ሰነድ ሞልቷል። የጎደለው እዚህ የሚያስተምር ሰው እዚያ የሚያስተምረውን ሰው በስም ማወቁ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመናት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

በላስታ ልጅ ከቤት የሚወጣው ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ አይደለም፤ 9ኛ ክፍል ሲገባ ነው። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ካሉት ቀበሌዎች 8ኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ወዳለበት ከተማ ወርዶ፣ ከሁለት ሦስት የአገሩ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ራሱ እያበሰለ ይማራል። ስንቁ ከቤት ይመጣል። የላሊበላ ገበያ ቅዳሜ ነውና አባት ገብስ ሊሸጥ ሲመጣ በሶውንና ቆሎውን ለልጁ አድርሶ ይመለሳል። በዚያው ዓመት የትምህርቱ ቋንቋ ሙሉ በሙሉ እንግሊዝኛ ይሆናል። ለሴት ልጅ ደግሞ ይኸው የኪራይ ክፍል የወላጅ ስጋት ነው፤ ብዙ ቤት ውስጥ «ትማር» እና «ትዳር» የሚለው ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። እንግዲህ 12ኛ ክፍል የደረሰ የላስታ ልጅ አንዱን ሽግግር ብቻውን ተወጥቶታል። ማንም ሳይቀበለው መሄድን ለምዷል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ሽግግር ላይ እርዳታ የማይጠይቀውም ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል።

መንግሥት ስለ መሸጋገሪያው አላሰበም ማለት አይቻልም። እንዲያውም ደጋግሞ አስቧል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የፍሬሽማኑን ዓመት ከዩኒቨርሲቲ አውጥቶ ወደ ትምህርት ቤት አወረደው። 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ቆመ፣ ያለፈው 11ኛና 12ኛን መሰናዶ ገባ፣ የቀረው ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ መምህራን ኮሌጅ ሄደ፣ ዲግሪውም በአብዛኛው ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። በ2012 ደግሞ የፍሬሽማኑ ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ፤ የ10ኛ ክፍሉ ፈተናም ቀረ። በ2015 ማለፊያ ነጥብ ላልሞላላቸው ሬሜዲያል ተጨመረ፤ ተማሪው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ለወራት የ12ኛ ክፍሉን ትምህርት ይከልስና 30 በመቶውን በተቋሙ፣ 70 በመቶውን ከማዕከል በሚመጣ ፈተና ይመዘናል። አንድ የመዘጋጃ ዓመት በሦስት አሥርት ገደማ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲመላለስ ኖረ። በሁሉም ጊዜ የተንቀሳቀሰው ሥርዓተ ትምህርቱ ነው። ሁለቱ መምህራን፣ ማለትም 12ኛ ክፍል ሒሳብ የሚያስተምረውና ፍሬሽማን ሒሳብ የሚያስተምረው፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡበት ጊዜ ቢኖር በአጋጣሚ ነው።

ቁጥሩ የታወቀ ነው፤ ቢሆንም መደገም አለበት። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015 3.2፣ ከ2016 5.4፣ ከ2017 8.4 በመቶ ናቸው። ብዙ ጊዜ ይህ የሚነበበው እንደ ፈተና ውጤት ነው። እንደ ሽግግር ካነበብነው ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። «ተማሪውን ለዩኒቨርሲቲ ማዘጋጀት» የሚል ማንኛውም የትብብር ዕቅድ ከመቶ ለዘጠና የማይደርስ ዕቅድ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ግን ማንም እንደ ዕድል ያልቆጠረው አንድ ነገር አለ። ከ2015 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በአብዛኛው የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ነው። ምክንያቱ ኩረጃና የፈተና ስርቆት ነበር። ከመላ አገሪቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ግቢ ይገባሉ፣ ዶርም ያድራሉ፣ ካፌ ይበላሉ፣ ቀናትን ያሳልፋሉ። በየትኛውም ሀብታም አገር አንድ ዩኒቨርሲቲ በዙሪያው ያሉትን ተማሪዎች በሙሉ ግቢው ውስጥ ለማሳደር ገንዘብ ቢፈልግ አያገኝም። እኛ በጀቱን መድበን፣ ትራንስፖርቱን ችለን፣ ፖሊሱን አሰልፈን ልጁን እዚያ እናደርሰዋለን፤ ከዚያ ግቢውን ሳያይ እንመልሰዋለን። የሚያየው ፍተሻ፣ የፈተና አዳራሽ፣ የካፌ ሰልፍና ዶርም ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ዝግ ነው፣ ቤተ ሙከራው ዝግ ነው፣ መምህሩ ፈታኝ ነው። ከላስታ የመጣ ልጅ የከፍተኛ ትምህርት ተቋምን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተዋወቀው እንደ ተጠርጣሪ ሆኖ ነው ቢባል ብዙ አልተጋነነም። በመጀመሪያው ዙር፣ በጥቅምት 2015፣ ከ12 ሺህ በላይ ተፈታኞች ፈተናውን ጥለው ወጡ፤ አብዛኞቹም በአማራ ክልል ባሉ ግቢዎች የነበሩ ናቸው። የዲሲፕሊን ጉድለት ነው ተብሎ ታለፈ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን፣ ግቢው ለልጁ ባዕድ መሆኑ፣ ብዙም አልተወራበትም።

ፈተናው ካለቀ በኋላ አንድ ከሰዓት ብቻ ቢቆዩስ? ሪጅስትራር ምን እንደሆነ፣ ዲፓርትመንት እንዴት እንደሚመረጥ፣ ካፌና ነን ካፌ ልዩነቱ ምን እንደሆነ፣ ወጪ መጋራት ሲፈርም ምን እየፈረመ እንደሆነ ከአንድ የአገሩ ልጅ የሆነ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ቢሰማ? አውቶቡሱ እዚያው ነው፤ ልጁም እዚያው ነው። ይህን ለማድረግ አዲስ ፕሮጀክትም ሆነ ለጋሽ አያስፈልግም፤ የፈተና አገልግሎቱና የግቢው አስተዳደር መስማማት ብቻ ይበቃል።

በላስታ ላይ ይህ ሁሉ የሚደርሰው በጦርነት መካከል ሆኖ ነው። ላሊበላ ሐምሌ 2013 መጨረሻ ላይ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስም እጅ ቀያየረች። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ፣ ወደመ። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መጀመሪያ 2014 የተሰጠው ብሔራዊ ፈተና የጦርነት ቀጣና የነበሩትን ልጆች ስላልጨመረ እነሱ በሁለተኛ ዙር፣ በጥር፣ ተፈተኑ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከአንዱ ጦርነት ወደ ሌላው ተሻገሩ፤ በ2015 ክረምት በፋኖና በመከላከያ መካከል የተነሣው ውጊያ ከተማዋ ድረስ መጣ፣ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተዘጋ። ውጤትና ምደባ የሚታየው በድረ ገጽና በቴሌግራም በሆነበት አገር ኢንተርኔት መዝጋት ማለት ውጤት መደበቅ ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ያለው መለያ ቁጥሩን በስልክ አስነግሮ ያሳያል፤ የሌለው ይጠብቃል። ማስታወቂያው ደግሞ «ከተጠቀሰው ቀን ውጭ አይስተናገድም» ይላል። መዝገብ ቤቱ የተቃጠለበት ትምህርት ቤት ትራንስክሪፕት ከየት ያምጣ የሚለውንም የሚመልስ መስመር ማስታወቂያው ላይ የለም። እዚህ ላይ በትምህርት ቤቱና በሪጅስትራሩ መካከል አንድ የስልክ ቁጥር መኖሩ ከብዙ ዐውደ ጥናት ይበልጣል።

ላስታ ላይ ቆሞ ስለ ተማሪ ሽግግር ሲወራ ሊዘለል የማይገባ ሌላ ትምህርት ቤት አለ። የአብነት ተማሪ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ወደ ቅኔ፣ ከቅኔ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ሲሸጋገር ኖሯል፤ እያንዳንዱ ሽግግርም አገር መቀየር ነው። በስሙ የቅኔ ቤት የተሰየመለት ዋድላ የላስታ ጎረቤት ነው። ድጓ ተምሮ ማስመስከር የፈለገ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። ይህን መንገድ ለተማሪው የሚያሳየው የኔታ ነው፤ እሱ ራሱ እዚያ ተምሮ፣ እዚያ አስመስክሮ የመጣ ነውና። ቀጣዩ መምህር ምን እንደሚጠይቅ፣ የትኛው ዜማ ላይ እንደሚያጠብቅ፣ ተማሪውን መቼ መላክ እንደሚገባ ያውቃል። ያልበሰለውን አይልክም፤ የላከውን ደግሞ የኔታ እገሌ የላከኝ ነኝ ብሎ እንዲገባ ያደርገዋል። መንደሩም የሩቅ አገር ተማሪን ቁራሽ እየሰጠ ያኖረዋል።

ይህን የምለው የአብነቱን ትምህርት ቤት ለማስዋብ አይደለም። ረሃቡን፣ ውሻውን፣ ብርዱን፣ ለሴት ልጅ ዝግ መሆኑን፣ ማለቂያ የሌለውን የዓመታት ርዝመት የቀመሰ ያውቀዋል። ግን አንድ ነገር አለው፤ የታችኛው መምህር የላይኛውን ትምህርት ቤት በዓይኑ አይቶታል፣ አሁንም ዜናውን ይሰማል። የላስታ የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ መምህርም ዩኒቨርሲቲ ተምሯል እርግጥ ነው። ነገር ግን እሱ የተማረበት ግቢና የዛሬው ግቢ አንድ አይደለም፤ ምናልባት ፍሬሽማን በሌለበት ዘመን የተመረቀ ነው። ባለፉት ዓመታት የላካቸው ልጆች ምን ላይ እንደወደቁም የሚሰማው ልጆቹ ለገና ሲመጡ ከሚያወሩለት ነው። «ቲቸር፣ ሒሳቡ ሌላ ነው» ይሉታል። ከዚህ የበለጠ መረጃ የሚልክለት የለም።

ዘመናዊው ትምህርትም ቢሆን ይህን ዝምድና ሞክሮ ያውቃል። ድሮ የወሎ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲባል ዐይኑን የሚጥለው ደሴ ወይዘሮ ስኂን ላይ ነበር፤ ስሙ ዛሬ በፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅነት ይጠራል። ከዚያ በላይ ላሉት ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የበዕደ ማርያም ላብራቶሪ ትምህርት ቤት ነበረው። ከየጠቅላይ ግዛቱ 11ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት የጨረሱ ልጆች ይመረጡና 12ኛን በዩኒቨርሲቲው ጥላ ሥር ይማራሉ፤ ዓላማው የነገ መምህራንን ማፍራት ነበር። የገጠር ልጅ ፍሬሽማን ከመሆኑ በፊት ለአንድ ዓመት አዲስ አበባን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የትልልቆቹን ክርክር ይለምዳል። (ክርክሩን ከሚፈለገው በላይ ለምደውት ከተማሪው እንቅስቃሴ ፊት አውራሪዎች መካከል መገኘታቸው ለንጉሡ መንግሥት ያልታሰበ ውጤት ነበር።) ጥቂቶችን ነቅሎ የሚወስድ አሠራር ነውና ዛሬ እንዳለ ይመለስ አልልም።

ሌላው የበለጠ ይስበኛል። በ1957 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት እያንዳንዱን ተማሪ ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር፤ ብዙዎቹም የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆነው አገለገሉ። ተማሪው መጀመሪያ ላይ አልወደደውም። ነገር ግን አውራጃ ከተማ ውስጥ ያለ የ10ኛ ክፍል ልጅ ፊቱ የቆመው ከዩኒቨርሲቲ የመጣ፣ ወደዚያው የሚመለስ ወጣት ሆነ። ስለ ግቢ ጠየቀው፣ መጽሐፍ ተዋሰው፣ ማመልከቻ አጻፈው። ያ ዝምድና በየትኛውም ሰነድ ላይ እንደ ግብ የተጻፈ አይመስለኝም፤ ከመመሪያው ውጤቶች ሁሉ ግን ዕድሜ ያለው እሱ ሳይሆን አልቀረም።

የዛሬው አቻው አለ፣ ግን ፊቱን አዙሯል። በ1995 የመጣው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ከያዛቸው ነገሮች አንዱ ዕጩ መምህራን በትምህርት ቤት ውስጥ የሚያደርጉትን ልምምድ፣ ፕራክቲከሙን፣ ማብዛት ነበር። ወልድያ መምህራን ትምህርት ኮሌጅን የመሰለ ተቋም ዕጩዎቹን ወደ ትምህርት ቤቶች ይልካል፤ ዩኒቨርሲቲዎችም የፒጂዲቲ (የድኅረ ምረቃ መምህርነት ዲፕሎማ) ሠልጣኞቻቸውን እንዲሁ። ስለዚህ ኮሌጅና ትምህርት ቤት አይገናኙም የሚለው ትክክል አይደለም። ይገናኛሉ፤ ኮሌጁ ከትምህርት ቤቱ የሚፈልገውን ለመውሰድ። ሠልጣኙ ክፍል ይገባል፣ ይገመገማል፣ ነጥቡን ይዞ ይሄዳል። አስተናጋጁ ትምህርት ቤት በምላሹ ምን አገኘ? ሠልጣኙ በቆየባቸው ሳምንታት አንድ ከሰዓት ለ12ኛ ክፍሎች ስለ ኮሌጅ ኑሮ እንዲያወራ ለማድረግ የልምምዱ መመሪያ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ማስገባት ብቻ ይበቃ ነበር።

ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ትምህርት ቤት እጃቸውን የዘረጉበት አንዱ መልክ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ማዕከል ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በዚህ ቀድሞ ስም አግኝቷል፤ የአካባቢው ልጆች በትርፍ ሰዓታቸውና በክረምት ቤተ ሙከራ ገብተው በእጃቸው ይሠራሉ። ጥሩ ነው። ጥሩነቱ ግን ማዕከሉ በእግር ለሚደረስበት ልጅ ነው። ከላሊበላ ጋሸና 64 ኪሎ ሜትር፣ በጋሸና በኩል ዩኒቨርሲቲ እስካለበት ወልድያ ደግሞ ወደ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ። ስለዚህ ለላስታ ልጆቹን ወደ ማዕከል ማምጣት ሳይሆን መምህሩን ለሁለት ሳምንት መላክ ነው የሚያዋጣው።

ውጭ አገር ያለውን ልምድ በጥቂቱ እንመልከት። ኒው ዮርክ ያለው ላጓርዲያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1974 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢው ውስጥ ከፈተ፤ ሊያቋርጡ ይችላሉ የተባሉ ልጆች ከኮሌጅ ተማሪ ጋር እየዋሉ እንዲማሩ። አሠራሩ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። እዚያው አሜሪካ ቤንጃሚን ካስልማንና ሊንዚ ፔጅ የተባሉ ተመራማሪዎች ኮሌጅ ተቀብሏቸው ሳለ በመካከሉ ባለው የዕረፍት ጊዜ ቀልጠው የሚቀሩትን ልጆች አጠኑ። የሚቀሩት በአብዛኛው የድሃ ልጆች ነበሩ። የቀሩትም ባለመቻል ሳይሆን በቅጽ፣ በክፍያና ማንን እንደሚጠይቁ ባለማወቅ ነው፤ በስልክ የሚላክ አጭር የማስታወሻ መልእክት እንኳ ለውጥ አምጥቷል። የእኛ ልጅ መካከሉ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከዚያ ይረዝማል። የ2014 ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ተፈትነው ውጤታቸውን ያዩት በጥር ነው። በእነዚያ ወራት ውስጥ አንዱ ወደ አዲስ አበባ ለቀን ሥራ ይሄዳል፣ ሌላው ድንበር ያስባል፣ አንዷ ትታጫለች።

መጀመሪያ ላይ የመግባቢያ ሰነዶችን አንስቼ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከመማር ማስተማርና ከምርምር ሌላ የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታ አለበት፤ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ይህንኑ ይደነግጋል። ግዴታውን ለመወጣት ከትምህርት መምሪያ ጋር ይፈረማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ይለገሳሉ፣ ከፈተና በፊት ለጥቂት ቀናት ቱቶሪያል ይሰጣል። ኮምፒውተሩን አልንቅም፤ ፈተናው ቀስ በቀስ ወደ ኦንላይን እየሄደ ባለበት ጊዜ አይጥ ይዞ የማያውቅ ልጅ ሁለት ፈተና ነው የሚፈተነው። የምነቅፈው የሚመለስ መረጃ አለመኖሩን ነው። የትኛው ትምህርት ቤት የላካቸው ልጆች በየትኛው የፍሬሽማን ኮርስ እንደወደቁ ሪጅስትራሩ ያውቃል። ያንን በየዓመቱ በአንድ ገጽ ለርዕሰ መምህሩ መላክ ከኮምፒውተሩ ይረክሳል። ግን ለሪፖርት አይመችም፤ ሪባን የለውም።

አደረጃጀት ከተባለ ደግሞ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። በክልላችን ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ተደራጅተው፣ ማዕከል ኖሯቸው፣ በሱፐርቫይዘር እየታዩ፣ መምህራኑ ተገናኝተው ልምድ የሚለዋወጡበት አሠራር ከቆየ ዘመን አለው። ደካማ ጎኑ ብዙ ነው። ቢሆንም መምህር ለመምህር የሚገናኝበት ያለው መድረክ እሱ ነው። የጉድኝቱ ስብሰባ ላይ አንድ የኮሌጅና አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ አባል ቢቀመጥ፣ እኔ «በስም መተዋወቅ» የምለው ነገር ሊጀመር ይችላል።

ከመቶው ዘጠና ወደሚሆኑት ልመለስ። ሬሜዲያሉ የተወሰኑትን ያነሳል። ለቀሩት በአቅራቢያ ያለው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው፤ እንደ ላሊበላ ላለ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ሊሆን ይገባው ነበር። ትምህርት ቤቶቻችን ግን ተማሪውን ለዚያ አያዘጋጁትም፤ ያስፈራሩበታል። «ካላጠናህ ቴክኒክ ትገባለህ» እየተባለ ለዓመታት የሰማ ልጅ ኮሌጁ ሲመዘገብ የተቀጣ ይመስለዋል። ድሮ 10ኛ ክፍል ላይ ይመጣ የነበረው አሁን 12ኛን ጨርሶ ሲመጣ ሁለት ዓመት አርጅቶ፣ ተስፋው ሌላ ቦታ ተሰብሮ ነው። የኮሌጁ አሠልጣኝ የሚጀምረው ሙያ በማስተማር ሳይሆን ቅስም በመጠገን ነው።

ላሊበላ ውስጥ ደግሞ ይህ ንቀት ምክንያት የለውም። ከተማዋ ያለችው በድንጋይ ጠራቢ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11 አብያተ ክርስቲያናት ጥገና፣ የፍሳሽና የዝናብ ውኃ ቁጥጥር፣ ልኬትና ካርታ፣ በላያቸው የተተከሉት መጠለያዎች ጉዳይ፣ ይህ ሁሉ የተማረ እጅ ይፈልጋል። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት መጋቢት 2011 ላይ ላሊበላ መጥተው ስለ ጥገናው ከተስማሙ ወዲህ የባለሙያው ምልልስ ጨምሯል፤ ባለሙያው ግን በአብዛኛው ከሩቅ የሚመጣ ነው። በኮቪድና በጦርነት ቱሪስቱ ሲቀር ያለቀለት አስጎብኚው፣ የሆቴል አስተናጋጁ፣ የበቅሎ ጎታቹ ነበር። ድንጋዩ ግን ቱሪስት መጣም ቀረም ይሰነጠቃል። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ በሳምንት አንድ ከሰዓት ኮሌጁ ወርክሾፕ ውስጥ ከጥገና ባለሙያ ጋር ቢውል፣ የሠራውም ኮሌጁ ሲገባ በደረጃ ምዘናው ቢያዝለት፣ 12ኛን ሲጨርስ ሁለት በር ይኖረዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ኮሌጁና የአብያተ ክርስቲያናቱ አስተዳደር መስማማት ነው። የምዘናው ጉዳይ የክልሉን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከባዱም እሱ ነው። ወርክሾፑን ለሌላ ትምህርት ቤት ልጆች መክፈት ግን የኮሌጁ ዲን በራሱ ሥልጣን የሚወስነው ነገር ነው።